ያሸነፈበትን ጎማ አላወልቅም ያለው ሰው

ሰውየው የእሽቅድምድም መኪና ነበረው። ሚስትም ነበረችው፣ ልጅም፣ ደህና ሥራም። ሰው ሲያየው ግን መኪናውን ነበር የሚያየው፤ እሱም ራሱን ሲያይ እንደዚያው ነበር።

ቆይ፣ ፊትህን አታጥቁር መርሻ። «የልጄን ጉዳይ ይዤላቸው ብመጣ አባ ስለ መኪና ያወሩኛል» ልትል ነው። የጠየቅከኝን ልድገመውና፣ በትክክል ሰምቼህ እንደሆነ አንተው ፍረድ፤ ሥራህ ነው። ባለፈው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ልጅህን ለአንድ ወጣት ሊጠይቁ ቤትህ መጡ። አንተ ሦስቱን ለያየሃቸው። አንዱን ሳሎን፣ አንዱን በረንዳ፣ ያንን ሰማንያ ዓመት ያለፈው አዛውንት ደግሞ ጓሮ ዛፍ ሥር አቁመህ፣ ቃላቸው ይስማማ እንደሆነ ለማየት በየተራ መረመርካቸው። «ልጁ መጠጥ እንደማይቀምስ በዓይንዎ አይተዋል ወይስ ከሰው ሰምተው ነው?» አልካቸው። ይቅር በለኝና፣ ይህን የሰማሁ ቀን ብቻዬን ስስቅ ነበር። ልጅህ ግን አልሳቀችም። «አባቴ ሊድረኝ ሳይሆን ሊፈርድብኝ ነው» ብላ ልብሷን በሻንጣ ከትታ አክስቷ ቤት ገባች።

አሁን የምትጠይቀኝ እንዲህ ብለህ ነው፦ «አባ፣ በችሎት የተከበርኩት ስለማልለሳለስ ነው። ጉቦ አልበላሁም፣ ፊት አይቼ አልፈረድኩም። ውጭ እንዲህ ሆኜ ቤቴ ስገባ ሌላ ሰው ብሆን፣ ሁለት ፊት ያለው ግብዝ መሆኔ አይደለም ወይ?» ይኸው ነው? መልካም። ጥያቄህ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ ወደ መኪናው ልመልስህ።

ቄስ ስለ ጎማ ምን ያውቃል እንዳትለኝ። ዲያቆን ሆኜ ያገለገልኩባት ቤተ ክርስቲያን ከድሮው የአውሮፕላን ማረፊያ ጋር አጥር ለአጥር ነበረች። አውሮፕላኑ መምጣት ሲያቆም የመኪና ተወዳዳሪዎች ሜዳውን ያዙት። መጀመሪያ በጩኸታቸው ስንማረር ከረምን። በኋላ ግን፣ ምን ልደብቅህ፣ ቅዳሴ ወጥተን ጸበል ጻዲቅ እንደቀመስን እኔ ከዚያ አጥር አልጠፋም ነበር። ሰውየውም ጎረቤቴ ነው። የነገረኝን ሁሉ የነገረኝ ደጃፉ ላይ ቆመን ስንጫወት ነው እንጂ በንስሐ አይደለም። በንስሐ ቢሆን ኖሮ አፌን አልከፍትልህም።

በዚያች ከተማ ውስጥ አንድ መኪና ሦስት ዓይነት መሬት ይገጥመው ነበር። አንደኛው ያ የአውሮፕላን ሜዳ ነው፤ ሰፊ፣ ደረቅና ረጅም፣ ዙሩን እየደጋገሙ የሚሮጡበት። ሁለተኛው የስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ ነው። እዚያ ኮኖች፣ እነዚያ ሾጣጣ የላስቲክ ምልክቶች፣ በጠባብ በጠባቡ ይደረደሩና መኪኖቹ አንድ በአንድ እየገቡ በመካከላቸው ይሽሎከሎካሉ፤ ኮን ሳይነካ ፈጥኖ የወጣ ያሸንፋል። ገና ተጀመረ ስትል ያልቃል። ሦስተኛውን አንተም ታውቀዋለህ። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ነው፤ ከነጉድጓዱ፣ ከነኮብልስቶኑ፣ ከነክረምቱ።

ሰውየው ለአውሮፕላን ሜዳው ብሎ ሰፊ ጎማ አስመጣ። በጎማ ጎን ላይ ቁጥር ተጽፎ አይተህ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ ነው። የዘወትር ጎማው መቶ ዘጠና አምስት ይል ነበር፤ አዲሱ ሁለት መቶ አርባ አምስት ይላል። ቸርኬውም፣ ጎማው የሚለብሰው ብረት፣ ከቀድሞው ትልቅ ነው። ፊቱ ልሙጥ ሊባል ምንም አልቀረው፤ የዝናብ ውሃ የሚሸሽበት ጥርስ እምብዛም የለውም። ለዚያ ሜዳ ጥርስ አያስፈልግማ! ልሙጡ ጎማ ደረቁን አስፋልት በሙሉ ፊቱ ነው የሚይዘው። ጎማው ከፓራፋንጎው፣ ከላዩ ከሚከልለው ቆርቆሮ፣ ሥር አልገባ ቢለው ፓራፋንጎውን አስቆረጠው። መኪናውን ለጎማው ሲል ቆረጠው ማለት ነው።

ይህ ጎማ አንድ ጠባይ አለው። ካልሞቀ አይዝም። ጥቂት ዙር ከሮጠ በኋላ ይግልና ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ ሊጥ እጅ ላይ እንደሚጣበቅ አስፋልቱ ላይ ይጣበቃል። ሰውየውም ይህን ያውቅ ስለነበር ከውድድር ሲወጣ ጎንበስ ብሎ ጎማውን በመዳፉ ይነካው ነበር፤ ሙቀቱ ደስ ይለዋል።

ውድድሩን አሸነፈ። እንዴት ያለ ማሸነፍ መሰለህ! በዚያው ቀን አንድ ነጋዴ የዘወትር ጎማውን እንዳደረገ ገብቶ ነበር። ዙሩ ሳይጋመስ ጎማው ግሎ ጥርሱ እየተቆራረሰ ይረግፍ ጀመር፤ ዳኞቹ ባንዲራ አውለብልበው አስወጡት። ለስላሳ ጠባይ ይዞ እዚያ ሜዳ መግባትም እንዲህ ያዋርዳል። ይህችንም ልብ በላት፣ ለአንተ ጥያቄ ታስፈልገናለች።

ታዲያ የድሉ ዕለት ወዳጆቹ ድግስ ደገሱለት። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ከዚያም እንደ አገራችን ልማድ ፉከራው መጣ። ሰውየውም ተነሥቶ ነጠላውን አደግድጎ «ዘራፍ! ያሸነፍኩበትን ጎማ ካወለቅኩ ወንድ አይደለሁ!» ብሎ ፎከረ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሌላ አገር ቢሆን ይህ በማግስቱ ይረሳል። እኛ ዘንድ ግን ሰው ፊት የተፎከረ ነገር እንደ መሐላ ነው፤ ተናጋሪው ቢረሳው እንኳ ሰሚው አይረሳለትም። ሰውየው ደግሞ ቃሉን አክባሪ ሰው ነበር። ጥፋቱ የመጣው ከክፋቱ ሳይሆን ከመልካሙ ጎኑ ነው። ለዚህም ነው የማዝንለት።

ብዙ ሳይቆይ የኮኑ ውድድር ደረሰ። ጎማ የሚገጥምለት ሰው «ለዚህኛው ጠበብ ያለ፣ ቸርኬውም አነስ ያለ ይሻልሃል። ትንሽ ጎማ ቀላል ነው፤ ቶሎ ይሞቃል፣ መኪናህም ከቆመበት ቶሎ ይነሣል» አለው። ሰውየው ወይ ፍንክች! «ዛሬ ይሄን ነገ ያንን የሚያደርግ ሰው አይታመንም» አለ። ሰማህ መርሻ? አባባሉ ያንተን አይመስልም?

ገባ። ትልቁ ጎማ ማርሹን አከበደበትና ሞተሩ እያገሳ መኪናው በዝግታ ተነሣ። ጎማው ገና ሊሞቅ ሲል ውድድሩ አለቀ። እዚያም እዚህም ኮን ገጭቶ ወጣ። አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለቤት በአሮጌ ትንሽ መኪና፣ በጠባብ ለስላሳ ጎማ፣ አንድም ኮን ሳትነካ ቀደመችው። ጎማ ገጣሚው እንዳለው ሆነ። ሰውየው ግን «የኮን ነገር የልጅ ጨዋታ ነው» ብሎ ተኮፈሰ። እልህ ምላጭ ያስውጣል።

ክረምት ገባ። ሚስቱ ለመነችው። «እባክህ የድሮውን ጎማ መልስልኝ፤ ዝናብ ሲሆን መኪናው ከእጅህ ሲያፈተልክ ይታወቀኛል» አለችው። «በዚህ ጎማ ከተማውን ሁሉ የቀደምኩ ሰውዬ ከቤቴ ደጅ እወድቃለሁ?» አላት። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እሷም መምከሯን ተወች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአማቱ ቤት ሲመለሱ ዝናቡ ያዛቸው። ሚስቱ የአራት ወር ልጃቸውን ታቅፋ ከጎኑ ተቀምጣለች። ወደ ሰፈራችን የሚያስገባው መንገድ ከወንዙ ድልድይ ቀጥ ብሎ የሚወጣ የኮብልስቶን ዳገት ነው። ሰውየው ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን ጀመረ። እስከ እኩሌታው ወጣ። ከዚያ የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ይሽከረከሩ ጀመር። ነዳጅ ሰጠ፤ ባሰባቸው። ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ከነፍሬኑ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። መሪውን ወዲያ ቢለው ወዲህ ቢለው የሚሰማው የለም። ቁልቁል ወርዶ ወርዶ ጀርባው ከድልድዩ የድንጋይ ከለላ ጋር ተጋጭቶ ቆመ። ከከለላው ማዶ ወንዙ ሞልቶ ይጮኻል። ያ ከለላ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አንተም ይገባሃል፤ እኔም አልናገረውም።

ከዚያ ሚስቱ በሩን ከፈተች።

«የት ነው?» አላት።

«ልወርድ ነው።»

«በዚህ ዝናብ? ሕፃኑስ?»

«ለሕፃኑ ብዬ ነው።»

ወረደች። ነጠላዋን ልጁ ላይ ደርባ ዝናቡ ውስጥ ቆመች። ከወደ ገበያ አንድ ባጃጅ መጣ። ሾፌሩ አያትና «እመቤት፣ ቶሎ ይግቡ፤ ልጁን ብርድ ይመታዋል» አላት። ገባች። ሰውየው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አንቺ! እኔን ጥለሽ በባጃጅ?» አለ። ሚስቱም ዞር ብላ «አንተን አልጣልኩም። መንዳት እንደምትችልም አገር ያውቃል። ይሄ መኪና ግን ልጄን አይሸከምም» አለችው።

ባጃጁም ዳገቱን ወጣ። አልቸኮለ፣ አላገሳ፤ በሦስት ሚጢጢ ጎማዎቹ ጥርስ ድንጋዩን እየነከሰ፣ እየተንገጫገጨ ወጣ። ሰውየው እስኪሰወርበት ድረስ አየው።

ከዚያ እሱም ወረደ። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ጎማውን በመዳፉ ነካው። ቀዝቃዛ ነበር። ከአማቱ ቤት ጀምሮ ሲነዳ የመጣበት ጎማ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዞ፣ ውሃ በላዩ ላይ እየወረደ ነበር። «ያን ጊዜ አንድ ነገር አየሁ» አለኝ በኋላ። «ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ሞተር፣ ሚስቴና ልጄ ጭምር፣ መሬት የምንነካው በአራት መዳፍ በማይሞላ ጎማ ነው። የቀረው ሁሉ አየር ላይ ነው። እኔ ስኮራበት የኖርኩት አየር ላይ ባለው ነበር።»

መኪናውን እዚያው ትቶ በእግሩ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ሰው ጠርቶ መኪናውን አስጎትቶ ደጃፉ ላይ አቆመ። እዚያው በሰው ፊት፣ ሰፈርተኛው ሁሉ በሚያልፍበት ሰዓት፣ በክሪክ አንሥቶ ያሸነፈበትን ጎማ አንድ በአንድ ያወልቅ ጀመር። እኔም ቆሜ አየሁት። ለኔ ከዋንጫው ቀን ይልቅ ይህ ቀን በለጠብኝ። ድግሱ ላይ የነበረ አንድ ወዳጁ ሲያልፍ አየውና «ጀግናው! ፎክረህ አልነበር እንዴ?» ብሎ ሊያሾፍበት ሞከረ። ሰውየው ቀና እንኳ ሳይል «ፎክሬ ነበር። ሚስቴ ግን በባጃጅ ነው የምትሄደው» አለው።

ለመንገዱ ጠበብ ያለውን፣ ጎኑ ወፈር ያለውን፣ ጥርሱ ጥልቅ የሆነውን አደረገ። ሰፊውን አልጣለውም፤ ለምን ይጥለዋል? ውድድር ሲኖር በሰው ፒክአፕ ጭኖ ሜዳው ድረስ ይወስደውና እዚያው ይቀይራል፤ ሲጨርስ እዚያው አውልቆ ይመለሳል። ለኮኑም ትንሹን ገዛ። አንዳንዴ አሸነፈ፣ አንዳንዴ ተሸነፈ። ሚስቱ ግን ወዲያው ወደ መኪናው እንዳልተመለሰች ልንገርህ። ጎማው ተቀይሮም ስንት ቀን በባጃጅ ስትሄድ ቆየች። እሱም አልተቆጣም፣ አልጠየቃትም። አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ ራሷ በሩን ከፍታ ገባች።

አሁን ደግሞ ልትመረምረኝ እንደሆነ ከዓይንህ አየሁ። ጠይቅ።

«አባ፣ ሰውየው ለምን መካከለኛ ጎማ ገዝቶ አልተገላገለም?»

ጎበዝ! ይህን እንደምትል አውቄ ነበር። መካከለኛ ጎማ አለ፤ ብዙ ሰው የሚነዳው እሱን ነው፣ አይነቀፍም። በመካከለኛ ጎማ ግን ያን ሜዳ ያሸነፈ ሰው አላየሁም። አንተ በችሎት መካከለኛ መሆን ትችላለህ? ለተበደለው ግማሽ፣ ለበዳዩ ግማሽ ልትፈርድ? ያ ነጋዴ የዘወትር ጎማውን ይዞ ገብቶ የሆነውን ነግሬሃለሁ። ወንበርህ ላይ ስትቀመጥ ጥብቅ ሁን። እዚያ ብትለሳለስ የድሃ እንባ ይፈርድብሃል። እኔ ሰፊውን ጎማ ጣለው አላልኩህም፤ ሜዳው ላይ ተወው ነው ያልኩህ።

እንግዲህ ልጄ፣ ምሳሌው ይህ ነው። ያ ሰው አንተ ነህ። በችሎት ያስከበረህ ጥብቅነት በደረቁ ሜዳ ያሸነፍክበት ጎማ ነው። ያ ጠባይ የሚይዘው ሲሞቅ ነው፤ የሚሞቀውም በክርክር ነው። ቤትህ ግን ክርክር የለበትም። ቤትህ ዳገት ነው፣ ዝናብ ነው፣ ልጅ ታቅፎ የሚወጣበት መንገድ ነው። እዚያ ስትነዳው ቀዝቃዛ ነው። አንተ አልታወቀህም፤ ልጅህ ግን ወደ ኋላ ስትንሸራተት ተሰማት፣ በሩን ከፍታ ወረደች። አልጠላችህም። የወረደችው ስለፈራች ነው።

«ሁለት ፊት ያለው ግብዝ እሆናለሁ» አልከኝ። ያ ሰው ጎማውን ሲያወልቅ መኪናው ሌላ መኪና ሆነ? ሾፌሩስ ሌላ ሰው ሆነ? ሞተሩ ያው፣ መሪው ያው፣ ልቡም ያው ነው። የተለወጠው መሬት የሚነካው ብቻ ነው። ግብዝ ማለት ልቡን የሚለዋውጥ ሰው ነው። እውነትህን፣ ጉቦ አለመብላትህን፣ ሐሰት መጥላትህን ማንም አውልቅ አላለህም። ልጅህን የምትነካበትን ነው ለውጥ የምልህ። እሷ ከአንተ ሁሉ የሚደርሳት እሱ ብቻ ነው።

ሽማግሌ አይቀየምምና እሑድ ተመልሰው ይመጣሉ። አክስቷን አነጋግሬያታለሁ፤ ልጅህን ይዛት ትመጣለች፣ ጓዳ ትሆናለች። ከዚያ በኋላ ትቅር ትሂድ፣ የራሷ ጉዳይ ነው፤ ወዲያው ካልተመለሰች እንዳትቆጣ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ምንም ከመጠየቅህ በፊት «ተቀመጡ» በላቸው። እነሱ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ፤ ደንባቸው ነው። አንተ ለምናቸው። በተለይ ያንን ጓሮ ያቆምከውን አዛውንት፣ እጁን ይዘህ፣ እስኪቀመጥ ድረስ ለምነው። ዳኛ አይለምንም፣ አውቃለሁ። አባት ግን ይለምናል። ልጅህም ከጓዳ ሆና አባቷ ሲለምን ትስማ።